የሂሳብ ሙያ ምስክር ወረቀት የይለፍ ወረቀት ነውን?

የሙያ ጥያቄ ከኅብረተሰብ ጥያቄ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። አንድ ወጣት ምን እንደሚማር፣ የተማረውን የት እንደሚያውለው፣ ጉልበቱንና ዕውቀቱን ለማን እንደሚያበረክት የሚወስነው የግል ዝንባሌው ብቻ ሳይሆን የሚኖርበት ኅብረተሰብ ተጨባጭ ሁኔታ ጭምር ነው። ስለሆነም ዛሬ በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች ከወጣት የሂሳብ ምሩቃን አንደበት የሚሰማውን ጥያቄ እንደ ተራ ወሬ አልፎ መሄድ አይገባም። ጥያቄው «ዓለም አቀፍ የሂሳብ ባለሙያነት ምስክር ወረቀት ብይዝ በሠለጠነ ሠራተኛነት ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ይረዳኛልን?» የሚል ነው።

ጥያቄው ከባዶ አልተነሣም። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን ከጀመረበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢው የሂሳብ ትምህርት የሚማሩ ወጣቶች ቁጥር እየበረከተ መጥቷል። በቴክኒክና ሙያ ትምህርትም ደረጃ 4ን አጠናቀው የብቃት ምዘናውን ያለፉ ብዙዎች ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ምሩቁ የመውጫ ፈተናን ማለፍ ግዴታ ሆኖበታል። ይህን ሁሉ አልፎ ሲወጣ ግን የሚጠብቀው ወንበር ጥቂት፣ ደመወዙም ከኑሮው ውድነት ጋር የማይመጣጠን ይሆንበታል። በዚህ ጊዜ የእናቱ የእቁብ ዕጣ ወይም የአባቱ የበሬ ሽያጭ ገንዘብ ለፈተና ክፍያ ይውል ወይስ ለሱቅ መክፈቻ የሚለው ክርክር በየቤቱ ይነሣል። እንግዲህ የተያዘው ጉዳይ የአንድ ወረቀት ጉዳይ ሳይሆን የአንድ ቤተሰብ ጥሪት ጉዳይ መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል።

በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ሁለት የተሳሳቱ ዝንባሌዎች ይታያሉ። አንደኛው የሙያ ምስክር ወረቀቱን ቪዛ አድርጎ የሚቆጥር ነው። ይህ ዝንባሌ በልዩ ልዩ የማሠልጠኛ ማስታወቂያዎችና በደላሎች አፍ ሲራገብ ይሰማል። ሁለተኛው ደግሞ ስለ ውጭ አገር ሥራ የሚያስበውን ሁሉ አገሩን እንደ ከዳ አድርጎ የሚያወግዝ፣ ምስክር ወረቀቱንም የባዕድ ጌጥ ነው ብሎ የሚያጣጥል ነው። ሁለቱም የሚሳሳቱት ከአንድ ምንጭ ነው። ነገሩን በተጨባጭ አይመረምሩትም። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዳሉት፣ እኛም ከሥሩ እንጀምር።

በከተሞቻችን ወጣቶች ዘንድ ስሙ አዘውትሮ የሚነሣው ምስክር ወረቀት «ኤሲሲኤ» በመባል የሚታወቀው፣ በ1904 እ.ኤ.አ. በለንደን የተመሠረተው የተመሰከረላቸው የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር የሚሰጠው ነው። በቆየው ሥርዓት መሠረት ተፈታኙ 13 ፈተናዎችን ማለፍ፣ የሙያ ሥነ ምግባር ትምህርት መከታተልና የ3 ዓመት የሥራ ልምድ ማስመስከር ይጠበቅበታል። ተገቢ ዲግሪ ያለው ሰው እስከ 9 ከሚደርሱት ፈተናዎች ነፃ ሊደረግ ይችላል። ይህም ቢሆን ክፍያ አለው። እንግዲህ ምስክር ወረቀቱ የዓመታት ልፋት ውጤት ነው፤ ዋጋውንም ማንም ሊያቃልለው አይችልም። ይሁን እንጂ ሙያን የሚመዝን አካልና ድንበርን የሚጠብቅ አካል አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው «ሥራውን ታውቃለህን?» ይላል። ሁለተኛው «ለምን ልቀበልህ?» ይላል። የብዙ ወጣቶች ስሕተት ለመጀመሪያው ጥያቄ ያዘጋጁትን መልስ ለሁለተኛው ማቅረባቸው ነው።

ለዚህ የካናዳን ምሳሌ እንመልከት። የሂሳብ ሰዎች ስለሆንን በሂሳብ እንነጋገር። ካናዳ የሠለጠኑ ሠራተኞችን ለመምረጥ ስትሠራበት በቆየችው የፌዴራል መመዘኛ አመልካቹ ከ100 ነጥብ ቢያንስ 67 ማግኘት አለበት። ነጥቡ የሚከፋፈለው ለቋንቋ 28፣ ለትምህርት 25፣ ለሥራ ልምድ 15፣ ለዕድሜ 12፣ አስቀድሞ ለተገኘ ሥራ 10፣ ከአገሩ ኑሮ ጋር ለመላመድ ችሎታ 10 እየተባለ ነው። በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ «የሙያ ማኅበር አባልነት» የሚል ረድፍ ፈጽሞ የለም።

አሁን የ27 ዓመት ዕድሜ ያለው አንድ የቡታጅራ ወጣት አለ እንበል። የመጀመሪያ ዲግሪው 21 ነጥብ ያስገኝለታል። ዕድሜው ከ18 እስከ 35 ዓመት ባለው ክልል ውስጥ ስለሆነ 12 ነጥብ ያገኛል። በሙያው 3 ዓመት በመሥራቱ 11 ይጨመርለታል። በእንግሊዝኛ ፈተና ዝቅተኛውን ተቀባይነት ያለው ደረጃ፣ ማለትም በአይኤልትስ በአራቱም የቋንቋ ክፍሎች 6 ቢያመጣ 16 ነጥብ ይሰጠዋል። ድምሩ 60 ነው። ሌላ ተጨማሪ ነጥብ ከሌለው ወድቋል ማለት ነው። ይህ ወጣት ዓመታት ደክሞ የሙያ ምስክር ወረቀቱን ቢጨምር፣ የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚው ድርጅትም እንደ ሁለተኛ የትምህርት ማስረጃ ቢቀበልለት፣ የትምህርት ነጥቡ ከ21 ወደ 22 ከፍ ይላል። ድምሩ 61 ይሆናል። አሁንም ወድቋል! በአንጻሩ ያንኑ ጊዜ ለቋንቋ አውሎ በማዳመጥ 8፣ በማንበብ፣ በመጻፍና በመናገር 7 ቢያመጣ የቋንቋ ነጥቡ ከ16 ወደ 24 ያድጋል። ድምሩ 68 ሆኖ ያልፋል። የምስክር ወረቀቱ አንድ ነጥብ ሲያስገኝ ቋንቋው ስምንት አስገኘ ማለት ነው።

ያም ቢሆን ወደ ውድድሩ ሜዳ ከመግባት አያልፍም። ከዚያ በኋላ ከ1,200 ነጥብ በሚታሰብ ሌላ ሚዛን ከመላው ዓለም አመልካቾች ጋር ይፎካከራል። ካናዳ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለግንባታና ለመሰል የእጅ ሙያተኞች፣ እንዲሁም ፈረንሳይኛ ለሚችሉ ሰዎች ልዩ ዙሮችን ስትከፍት ታይታለች። ከ2025 እ.ኤ.አ. መጋቢት ወር ወዲህ ደግሞ አስቀድሞ የተገኘ ሥራ በዚህ ሁለተኛ ሚዛን ያስገኝ የነበረው ነጥብ ተሰርዟል። በአገሩ ሥራ ያልያዘ ብቸኛ አመልካች ከ15,000 የካናዳ ዶላር የሚበልጥ የራሱ ገንዘብ እንዳለውም ማስመስከር ይኖርበታል። ይህን ሁሉ ሳያውቁ «ምስክር ወረቀቱን ልያዝና እሄዳለሁ» ማለት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ከማለት አይለይም።

በእንግሊዝ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በዚያ አገር ዋናው ቁልፍ ያለው በአሠሪው እጅ ነው። የመንግሥት ፈቃድ ያለው አሠሪ የሥራ ዋስትና ካልሰጠ፣ ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህም በመደበኛው መንገድ የዓመት ደመወዙ ቢያንስ 41,700 ፓውንድ ወይም ከዚያ የሚልቅ ከሆነ ለሙያው የተወሰነው ልክ ካልደረሰ፣ ቪዛ የለም። ከጥር 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ለአዲስ አመልካቾች የሚጠየቀው የእንግሊዝኛ ደረጃ ከፍ ብሏል። እዚህ ላይ የሙያ ምስክር ወረቀቱ ሕጉን ባያረካም አሠሪውን ሊያሳምን ይችላል፤ የአገሩ የራሱ ሚዛን ነውና። ከዚህም በላይ በተቀጠረበት ሥራ ወደ ሙሉ የሙያ ማዕረግ በመጓዝ ላይ ያለ ሰው በዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንዲገባ ሕጉ መንገድ ትቶለታል። ስለዚህ በእንግሊዝ በኩል ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ነገር ግን በወልቂጤ ተቀምጦ ለንደን ያለን አሠሪ ማሳመን ቀላል አለመሆኑን ከቶ መዘንጋት አይገባም።

የአውስትራሊያ በር ከሁሉ ይልቅ ለሙያው የቀረበ ነው። በዚያ ሥርዓት የሂሳብ ባለሙያ ሆኖ የሚያመለክት ሰው አስቀድሞ ሥልጣን ከተሰጣቸው ሦስት የሙያ ማኅበራት በአንዱ መመዘን አለበት። እነዚህ ማኅበራት አመልካቹ የተማራቸውን የትምህርት ዓይነቶች አንድ በአንድ ከራሳቸው መስፈርት ጋር ያነጻጽራሉ፤ ጠንካራ የእንግሊዝኛ ውጤትም ይጠይቃሉ። በዚህ ሥርዓት የሙያ ፈተናዎችን ማለፍ በዲግሪው ውስጥ የታየውን ጉድለት ሊሞላ ይችላል። ሆኖም ከምዘናው በኋላ ያለው የነጥብ ውድድር የሂሳብ ባለሙያ በሚበዛበት በዚህ መስክ እጅግ ብርቱ ነው።

ወደ ዐረቡ ዓለም ስንመለከት የሳዑዲ ዐረቢያ ሁኔታ ትምህርት ይሰጣል። በዚያ አገር የሂሳብ ባለሙያ ሆኖ ለመሥራት በአገሩ የሙያ ድርጅት መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ስለሆነም ማስረጃው ዋጋ አለው። በሌላ በኩል ግን ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምስትና ከዚያ በላይ የሂሳብ ሠራተኞች ያሏቸው የግል ድርጅቶች ከእነዚህ ውስጥ 30 በመቶ የሚሆኑትን ከአገሩ ዜጎች እንዲቀጥሩ ተደንግጓል፤ ድርሻው በየደረጃው እንዲያድግም ተወስኗል። በሩ ተከፍቶ ሳለ ደፉ እየጠበበ ነው። በአሜሪካ በኩል ብዙ ወገኖቻችን የተሻገሩበት የዲቪ ዕጣ ሲጠይቅ የኖረው 12ኛ ክፍል መጨረስን ወይም የ2 ዓመት የሙያ ልምድን እንጂ የሂሳብ ማዕረግን አልነበረም።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንደርስበት መደምደሚያ ግልጽ ነው። የሙያ ምስክር ወረቀቱ የመጀመሪያውን በር፣ ማለትም የድንበሩን በር፣ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ አይከፍትም። የሚከፍተው ሁለተኛውን በር ነው፤ ይኸውም የሥራውን በር። ይህ ሁለተኛ በር ግን ቀላል ነገር አይደለም። በቶሮንቶና በዋሽንግተን አካባቢ ዲግሪያቸውን በሻንጣ ቆልፈው መኪና በማቆሚያ፣ ዕቃ በመጋዘን ሲጠብቁ ዓመታት ያሳለፉ የሂሳብ ምሩቃን ታሪክ በየቤቱ የታወቀ ነው። ሰውዬው ተሻገረ፤ ሙያው ግን ከድንበሩ ወዲህ ቀረ! ዓለም የሚያውቀው የሙያ ማስረጃ የሚያድነው ከዚህ ዓይነቱ ውድቀት ነው። ያም ሆኖ በሄደበት አገር የግብርና የንግድ ሕግ ትምህርት፣ ብዙ ጊዜም ተጨማሪ ፈተና እንደሚጠብቀው ሊያውቅ ይገባል። በካናዳም ሆነ በአሜሪካ «ሲፒኤ» የሚለው ማዕረግ በሕግ የተጠበቀ ነው። ማዕረጉን የሚሰጡትም የየክፍላተ ሀገሩና የየግዛቱ የሙያ አካላት እንጂ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት አይደለም።

የዋጋውንም ነገር በግልጽ መናገር ያሻል። የምዝገባው፣ የፈተናውና የዓመታዊ አባልነቱ ክፍያ በፓውንድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ፓውንዱም አብሮ ወጣ። ደመወዙ በብር የሆነ የወልቂጤ የሂሳብ ሠራተኛ ትናንት በአንድ ወር ደመወዙ የሚከፍለውን ፈተና ዛሬ በሁለት ወር ደመወዙ የሚከፍል ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ይህን ወጪ የሚያወጣ ቤተሰብ የሚገዛውን ነገር ምንነት ጠንቅቆ የማወቅ መብት አለው። ምስክር ወረቀትን በቪዛ ስም መሸጥ ከማታለል ተለይቶ አይታይም።

አሁን ወደ ሁለተኛው የተሳሳተ ዝንባሌ እንሸጋገር። ሥራ ፍለጋ ከአገር ከመንደር መውጣት ለጉራጌ ምድር እንግዳ ነገር አይደለም። የጉራጌ ልጅ ከእንሰት ጓሮው ተነሥቶ አዲስ አበባ ወርዶ በሊስትሮነት፣ በጉልት፣ በሱቅ ጠባቂነት ጀምሮ መርካቶን ካቀኑት ወገኖች አንዱ ሆነ። የትም ይዋል የትም ለመስቀል አገሩ ይገባል። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ የአካባቢው ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው የትውልድ አገራቸውን መንገድ የሚያሠራ ድርጅት አቋቋሙ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል በተግባር የታየው በዚያን ጊዜ ነበር። እንግዲህ መሄድ ብቻውን ክህደት፣ መቅረትም ብቻውን አርበኝነት ሊባል አይችልም። መመዘን ያለበት የሄደው በምን አኳኋን ሄደ፣ የቀረውስ ምን እየሠራ ቀረ የሚለው ነው።

ደግሞም ያ ሁሉ መዋጮ፣ ያ ሁሉ እቁብና እድር ሊጸና የቻለው በምን ነበር? በመተማመንና በመዝገብ ነው። የእቁቡ ጸሐፊ ገቢውንና ወጪውን ለይቶ ባይጽፍ፣ ዳኛውም ዋስ ባያስጠራ፣ ማኅበሩ በዓመቱ ይፈርስ ነበር። የሂሳብ ሙያ ለዚህ ሕዝብ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ዕውቀት ነው ለማለት ያስቸግራል፤ አዲስ የሆነው መልኩና ደረጃው ብቻ ነው።

ይህ ሙያ ዛሬ በገዛ አገሩም ይፈለጋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ እንዲቋቋም፣ ድርጅቶችም ሂሳባቸውን በዓለም አቀፍ ደረጃዎች መሠረት እንዲያቀርቡ መሠረት ጥሏል። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግና የካፒታል ገበያ አዋጅ ወጡ። በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ተከፈተ። በዚያው ዓመት የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360 ለውጭ ባንኮች በር ከፈተ። አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ድርጅት ሁሉ የታመነ ሂሳብ ሊያቀርብ ግድ ነው። በየወረዳው ያሉ የኅብረት ሥራ ማኅበራትም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ሂሳባቸው ሊመረመር ይገባል። የቡታጅራ በርበሬ ነጋዴም ሆነ የወልቂጤ ቁጠባና ብድር ማኅበር ከባንክ ብድር ሲጠይቅ የሚጠየቀው የሂሳብ መግለጫ ነው። ስለዚህ ምስክር ወረቀቱን የያዘው ወጣት ቪዛው ቢቀርበት እንኳ ድካሙ ባዶ ሜዳ ላይ አይቀርም። ይህ ግን በራሱ ጊዜ የሚሆን አይደለም። አሠሪው የሙያን ልዩነት በደመወዝ ልዩነት ካላከበረ፣ «አገርህን አገልግል» የሚለው ጥሪ ባዶ ቃል ሆኖ ይቀራል። በአንደበት እያወደሱ በደመወዝ ማዋረድ ባለሙያውን የሚያባርር የመጀመሪያው ደላላ ነው።

ይህን ጉዳይ በዝምታ ማለፍ የማይቻልበት ሌላ ምክንያትም አለ። ከአዲስ አበባ በአለም ገና፣ በቡታጅራ በኩል ወደ ሆሳዕና የሚወስደው መንገድ የንግድ ብቻ ሳይሆን የስደትም መንገድ ሆኗል። በርካታ የደቡቡ ወጣቶች በኬንያና በታንዛኒያ አቋርጠው ወደ ደቡብ አፍሪቃ የሚያመሩበት አቅጣጫ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ፣ በቴቴ ክፍለ ሀገር፣ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ 64 ሰዎች በተዘጋ የጭነት ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። ይህን ሐዘን እናስታውስ። በሐሰት ተስፋ ዓመታቱንና ገንዘቡን የጨረሰ ምሩቅ ተስፋው ሲከሽፍ ፊቱን የሚያዞረው ወደዚያው መንገድ ሊሆን ይችላል። ስለ ሕጋዊው መንገድ እውነቱን አለመናገር ለሕገ ወጡ ደላላ ገበያ ማድራት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ወጣቱ ቅደም ተከተሉን ያስተካክል። መሄድ የሚሻ ከሆነ ከሁሉ አስቀድሞ ቋንቋውን ያጽና። የሥራ ልምድ ደብዳቤውን በጊዜው ይያዝ። በአገራችን የተለመደው «በዚህ መደብ በዚህ ደመወዝ ሠርተዋል» የሚል ባለሦስት መስመር ደብዳቤ በቂ አይደለም። የሥራው ዝርዝር፣ የሳምንቱ የሥራ ሰዓት፣ ደመወዙና የተሠራበት ጊዜ ተለይቶ ሊጻፍ ይገባል። የወጪ መጋራት ዕዳውን ከፍሎ ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ይውሰድ። የሙያ ምስክር ወረቀቱን ደግሞ ሙያውን ስለሚወድ፣ በአገርም በውጭም ስለሚሠራበት ይያዝ እንጂ ስለ ቪዛ ብቻ ብሎ አይጀምረው።

በሁለተኛ ደረጃ የትምህርት ተቋማት ለተመራቂዎቻቸው ሐቁን ይንገሩ። የተማሪን ማስረጃ ለውጭ ገምጋሚ በወቅቱ መላክ ውለታ ሳይሆን ግዴታ መሆኑንም ይቀበሉ። በሦስተኛ ደረጃ የሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤቶች በየከተማው ስለ ውጭ አገር ሥራ የሚሰጡት ምክር በቤት ሠራተኝነት ላይ ብቻ ሳይወሰን ለሠለጠነ ባለሙያም ይዳረስ። በአራተኛ ደረጃ ባንኮች፣ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና ትላልቅ ነጋዴዎች ለጎበዝ ሠራተኞቻቸው የፈተናውን ክፍያ ይሸፍኑ፤ በምላሹም የተወሰኑ ዓመታት አገልግሎት በውል ይቀበሉ። ይህ ቢደረግ የአንድ ቤተሰብ በሬ ሳይሸጥ አንድ ባለሙያ ይፈራል።

በመጨረሻም ለጥያቄው ቁርጥ ያለ መልስ እንስጥ። የሂሳብ ባለሙያነት ምስክር ወረቀት ለሚሄድ ሰው ይረዳልን? አዎን፣ ይረዳል። በአውስትራሊያ በምዘናው፣ በእንግሊዝ በአሠሪው ዘንድ፣ በዐረቡ አገር በምዝገባው፣ በካናዳ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ከደረሱ በኋላ ይረዳል። የይለፍ ወረቀት ነውን? አይደለም። የመጀመሪያው የሂሳብ ትምህርት ሀብትንና ዕዳን በየረድፉ መጻፍ ነው። የወልቂጤና የቡታጅራ ወጣት የራሱን ሕይወት መዝገብ ሲከፍት ገና ያልተገኘውን ቪዛ በሀብት ረድፍ አይመዝግብ፤ በእጁ ያለውን ሙያም በዕዳ ረድፍ አይጻፍ። ሂሳቡን አስተካክሎ የጻፈ ሰው ቢሄድም አይዋረድም፤ ቢቀርም አይጸጸትም።